ጭድና ድርቆሽ በቢሾፍቱ ገበያ፤ ስለ ዋጋቸው አቆራረጥና ስለ ደረጃቸው አለያየት

በቋንቋችን ገለባ የተናቀ ነገር ሁሉ ምሳሌ ነው። ፍሬ ነገር የሌለበት ንግግር ገለባ ይባላል፤ ሰባኪውም ጻድቁን ከኃጥኡ ለይቶ ለማሳየት ሲፈልግ ፍሬውን ወደ ጎተራ አስገብቶ ገለባውን ለእሳት ይሰጠዋል። አነጋገሩ በምሳሌነቱ ነቀፌታ የለበትም፤ ሆኖም ከምሳሌነት አልፎ የታሪክ ተመራማሪዎችን ዐይን ሳይጋርድ አልቀረም። ስለ አሞሌ ጨውና ስለ ማርያ ቴሬዛ ብር ምንዛሪ፥ ስለ ጤፍና ስለ ገብስ ዋጋ፥ ስለ ቡናና ስለ ቆዳ ንግድ ብዙ የተደከመባቸው ጽሑፎች አሉን። ከዚያው ከጤፉ ጋር በአንድ እርሻ በቅሎ፥ በአንድ አውድማ ተበራይቶ፥ በአንድ መንገድ ወደ ከተማ የሚገባው ጭድ ግን በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ እምብዛም ስፍራ አላገኘም። ባላገሩ ግን የዓመቱን ሒሳብ የሚያሰላው በሁለቱም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቢሾፍቱ ከተማና በዙሪያዋ በተዘረጋው በአድአ ሜዳ ስለሚሸጠው ጭድና ድርቆሽ፥ ዋጋው በምን እንደሚቆረጥ፥ ደረጃውም በምን እንደሚለይ መመርመር ነው። አሳቤን አስቀድሜ ልግለጥ። የጭድ ደረጃ ከጭዱ ባሕርይ ብቻ የመነጨ አይደለም፤ በየዘመኑ ወደ ገበያው የቀረበው ገዢ ማንነት የቀረጸው ነው። ዋጋውም የሚወጣውና የሚወርደው በብሩ ቍጥር ብቻ ሳይሆን በመስፈሪያው ልክ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳያስተውል የጭድን ዋጋ ከገበያ ለቅሞ በሰንጠረዥ የሚደረድር ሰው፥ የደረደረው ምን እንደ ሆነ ራሱም አያውቀውም።

ከሁሉ አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ያስፈልጋል። ድርቆሽ ማለት ሣሩ ታጭዶ፥ በፀሓይና በነፋስ ደርቆ የተከማቸው ነው። ጭድ በአድአ ሰው አፍ በመጀመሪያ የጤፍ ነው፤ የስንዴና የገብስ ሲሆን ገለባ ማለት ይቀናዋል፥ ሁለቱን ስሞች እያፈራረቀ የሚጠራም አይጠፋም። እብቅ ከፍሬው ላይ የሚለቀው ቀላል ሽፋን ሲሆን፥ እህሉ በነፋስ በሚጠራበት ጊዜ ከሁሉ ርቆ የሚወድቅ ነው። አገዳ የበቆሎና የማሽላ ነው፤ ይህም ከሞጆ ወዲያ፥ ወደ መቂና ወደ ባቱ፥ ወደ ቆላማው ስምጥ ሸለቆ በተወረደ ቍጥር ይበዛል። ኦሮምኛው ሣርን ማርጋ፥ ጭድን ጭዲ ይለዋል። የቢሾፍቱ ገበያ በሁለቱም ቋንቋዎች የሚካሄድ በመሆኑ፥ ሻጩ በአንዱ ጠርቶ ገዢው በሌላው ሲመልስ መስማት የተለመደ ነው። የሁለቱ ቃላት መቀራረብ ለቋንቋ ሊቃውንት የሚተው ጉዳይ ነው።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ትገኛለች። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ዘይት ተብላ ብዙ ዓመት ከተጠራች በኋላ ወደ ጥንታዊ ስሟ ተመልሳለች። ሰው ሁሉ የሚያውቃት በሐይቆቿ ነው፤ በመስከረም መጨረሻ ገደማ የኦሮሞ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ በሆራ አርሰዲ ዳር ኢሬቻን ያከብራል። በዚያ በዓል ሣሩ የምስጋና ምልክት ነው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በየደጋው መስክ ማጭድ ሲነሣ ያው ሣር የሚታጨድ፥ የሚከመርና የሚሸጥ ንብረት ይሆናል። ለጭድ ታሪክ ግን ከሐይቆቹ ይልቅ የሚበልጠው ሜዳው ነው። የአድአ መረሬ መሬት በነጭ ጤፉ፥ በተለይም ማኛ በሚባለው፥ የታወቀ ነው። ሽምብራ፥ ምስርና ጓያም ይበቅልበታል። ጤፍ ከሌሎች አዝርዕት የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ ፍሬው እጅግ ደቃቅ፥ ቃርማው ግን ብዙ ነው። የእርሻ ምሁራን ከጠቅላላው የሰብል ክብደት ፍሬው ከአራት እጅ አንድ እጅ ገደማ፥ ቢበዛ ከመቶ 30 እንደሚሆን ያመለክታሉ። ይህ ማለት ለአንድ ኩንታል ጤፍ ከሁለት ኩንታል በላይ፥ እስከ ሦስት ኩንታል የሚደርስ ጭድ ከአውድማው ላይ ይነሣል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ትርፍራፊ ብሎ መጥራት ከሚዛን ጋር አይስማማም።

ይሁን እንጂ ጭድ ብዙ መሆኑ ብቻ ለገበያ አያበቃውም። በቀድሞው ዘመን ጭድና ሣር በአብዛኛው የሚሸጡ አልነበሩም፤ ወይ በጉርብትና ይሰጣሉ፥ ወይ በግዴታ ይወሰዳሉ። ለደቦ የመጣ ጎረቤት በሬዎቹን አውድማው ላይ ነድቶ ሲያበራይ እንስሳቱ ከሥራቸው ከሚነዱበት ጭድ እየነጩ ይበላሉ፤ ያን የሚቈጥር ባለ አውድማ አልነበረም። በሌላው ወገን ደግሞ ለመልከኛው ወይም ለባለ ጉልቱ በቅሎና ፈረስ ሣር አጭዶ ማቅረብ፥ እንጨት ከመልቀምና አጥር ከማጠር ጋር፥ የገባሩ የሥራ ግዴታ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ ወታደሩ በየባላገሩ ቤት እየተሠራ እንዳይቀለብ ብለው አሥራት እንዲከፈል ባደረጉ ጊዜ፥ ከአሥር አንዱ የሚሰፈረው ከእህሉ ነበር። ስለዚህ መንግሥት የጭድን ዋጋ ለማወቅ ምክንያት አልነበረውም። መሬቱን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር፤ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት ዝክረ ነገር የመሬቱ ሥሪትና የግብሩ ዐይነት በሰፊው ተዘርዝሮ ይገኛል። ለጭዱ ግን ደረጃ የሰጠው ሹም የለም። ደረጃው የተወለደው በመዝገብ ሳይሆን በገበያ ነው፤ የገበያው ቃል ደግሞ ሳይጻፍ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነው።

የመጀመሪያው ብርቱ ገዢ የጭነትና የኮርቻ ከብት ይመስለኛል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የመኳንንቱና የወታደሩ ፈረስና በቅሎ፥ የነጋዴውም አጋሰስ በአንድ ስፍራ ሲከማች፥ በዙሪያው ያለው ሣር ለሁሉ ሊበቃ አልቻለም። ሣር በግዴታ የሚቀርብለት ባለ ማዕርግ ነው፤ ተራው ነጋዴና መጤው ግን ለእንስሳው ቀለብ በገንዘብ ይገዛል። በመርካቶ እስከ ዛሬ ጭድ ተራ የሚባል ስፍራ መኖሩ ለዚህ ንግድ ሰፊነት ምስክር ነው፤ የሰፈር ስም ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ይልቅ ታማኝ ነው።

ባቡሩ ይህን ነገር በሁለት ተቃራኒ መንገድ ለወጠው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በቢሾፍቱ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ የረዥሙን መንገድ ሲራራ ንግድ ከብዙ አጋሰሱ ጋር አሳጠረው፤ በዚህም በመንገድ ዳር የነበረው የቀለብ ገበያ ሳይቀዘቅዝ አልቀረም። ነገር ግን ባቡሩ በቆመበት ጣቢያ ሁሉ አዲስ ከተማ አደገ። ቢሾፍቱ፥ ሞጆና አዳማ የጣቢያ ከተሞች ናቸው። ከጣቢያው እስከ ገበያ፥ ከገበያ እስከ መኖሪያ ያለው አጭር መንገድ ደግሞ ሜዳማ በመሆኑ ለጋሪ የተመቸ ነው። በዚህ ምክንያት ባለ ፈረስ ጋሪ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሁሉ ምልክት ሆነ። ባለ ጋሪው በጭድ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው፤ እርሻ የለውም፥ ክምር የለውም፥ ጭዱን የሚያስቀምጥበት ግቢም ብዙ ጊዜ የለውም። ፈረሱ ግን በየቀኑ ይበላል። ስለዚህ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይገዛል። ጭድ በሸክምና በአህያ ጭነት ብቻ ሳይሆን በጥቂት ሳንቲም በሚገኝ ትንሽ እስር ጭምር መሸጥ የጀመረው ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። በትንሹ የሚሸጥ ነገር ደግሞ፥ በየትኛውም አገር እንደሚታየው፥ ድኻው ከሀብታሙ ይልቅ አስወድዶ የሚገዛው ነው።

ሁለተኛው ገዢ እንስሳ ሳይሆን ግድግዳ ነው። የጭቃ ቤት ያለ ጭድ አይቆምም። ጭቃው ከጭድ ጋር ተደባልቆ ለቀናት እየተረገጠ ይቦካል፤ ጭዱ ጭቃውን እንደ ጅማት ያያይዘዋል፥ ሲደርቅም እንዳይሰነጣጠቅ ይከለክለዋል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 ፈርዖን እስራኤልን ያስጨነቀው ጭድ ከልክሎ የጡቡን ቍጥር ባለማጉደሉ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። በዚህ ረገድ ቀጭኑና ለስላሳው የጤፍ ጭድ ከሌላው ሁሉ ይመረጣል። የምርጊት ጊዜ ደግሞ በጋ ነው፤ ጭዱ ከአውድማ የሚወጣበትና ከሁሉ ይልቅ የሚረክስበት ወቅትም ያው በጋ ነው። ስለዚህ ግድግዳው የጭዱን ዋጋ ከወለል በታች እንዳይወርድ ደግፎ የያዘ ገዢ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ደረጃው እንምጣ። ገዢው ወደ ጭነቱ ሲቀርብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የዘንድሮ ነው ወይስ ያምና ብሎ ነው። ቀጥሎ ቀለሙን ያያል፤ ወደ ወርቅ የሚያደላ፥ ብሩህ የሆነ ጭድ ዝናብ ያልነካው ነው፤ የጠቈረ ወይም ዐመድማ የሆነ በክምር ላይ ሳለ ውሃ የገባበት ነው። ዐይን ግን የላዩን ብቻ ስለሚያይ፥ ልምድ ያለው ገዢ ክንዱን እስከ ጭነቱ መካከል ሰድዶ አንድ እፍኝ ይመዝዛል፤ ምክንያቱም ሻጭ የደመቀውን በላይ፥ የደከመውን በውስጥ ማድረጉ የታወቀ ነው። የመዘዘውን ያሸተዋል። ሻጋታ የነካው ጭድ ሽታውን ሊደብቅ አይችልም። ከዚያም በመዳፉ መካከል ያሸዋል፤ አቧራና አፈር ከወጣው ከአውድማው ዳር የተጠረገ ነው፤ እሾህና እንክርዳድ ከተገኘበት እርሻው ያልታረመ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል።

በዘር ሲለይ ጤፍ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የገብስ፥ ከዚያም የስንዴ ነው። የጥራጥሬ ገለባ፥ በተለይ የምስር፥ በምግብነቱ ከጤፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን መጠኑ ጥቂት ስለ ሆነ ባለቤቱ ለራሱ ከብት ያስቀረዋል እንጂ ወደ ገበያ አያወጣውም። ከምሥራቅና ከደቡብ፥ ከአርሲ ወገን፥ በኮምባይነር የታጨደው የስንዴ ገለባ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ልዩነት ይፈጠራል። በበሬ የተበራየው ጭድ በኮቴ ተረግጦ፥ ተሰባብሮና ለስልሶ የወጣ ነው፤ የመኪናው ገለባ ረዥምና ሻካራ ነው፥ ከብቱም እየመረጠ ብዙውን ጥሎ ይነሣል። ገዢው ይህን ሲያውቅ የሚከፍለው ለቀረበው ሳይሆን ከብቱ ለሚበላው ነው። ስለዚህ የአውድማው አሠራር ራሱ የደረጃ መለያ ሆኗል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ለላም የማይሆን ጭድ ሁሉ የሚጣል አይደለም። ዝናብ የመታው፥ ዓመት ያለፈው፥ አቧራ የበዛበት ጭድ ለምርጊት ያገለግላል፤ ጭቃው ሽታን አይመርጥም። ከዚያ በታች ያለው ለፍራሽ መሙያና ከብት ለሚተኛበት ጕዝጓዝ ይውላል። ስለዚህ የቢሾፍቱ ጭድ ደረጃ ከመልካም ወደ መጥፎ የሚወርድ አንድ መሰላል ሳይሆን፥ ለየገዢው የተዘረጋ ልዩ ልዩ መደብ ነው። ለአንዱ የመጨረሻ የሆነው ለሌላው በቂ ነው።

የድርቆሽ ነገር ከዚህ ይለያል። ድርቆሽ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዙሪያዋ በብዛት የሚመጣው ከደጋው መስክ፥ ከሱሉልታና ከሰንዳፋ አካባቢ ነው፤ የአድአ ሜዳ ለእርሻ የተያዘ ስለ ሆነ ቢሾፍቱ ድርቆሽ ገዢ እንጂ ሻጭ አይደለችም። ደረጃው በሣሩ ዐይነት ይለያል። ሰርዶና ማገጥ የተቀላቀለበት ድርቆሽ ይወደዳል። ሰንበሌጥ የበዛበት ለጣራ ክዳን ይመቻል እንጂ ለላም አይጠቅምም፤ አክርማና ስንደዶም የሰፌድ ሠሪዋ ሀብት ናቸው። ከዐይነቱ ይልቅ የሚበልጠው ግን የአጨዳው ጊዜ ነው። ሣር ዘሩን ሳያፈስ፥ አረንጓዴነቱ ሳይለቅ ቢታጨድ ምግብነቱ ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ዝናቡ ገና ፈጽሞ አልቆመም፥ ባለ መስኩም መከሩ ላይ ተጠምዷል። ሲዘገይ ክብደቱ ይጨምራል፥ ፍሬ ነገሩ ይቀንሳል። የእንስሳት መኖ ምሁራን እንደሚሉት አመንዣኪ እንስሳ መኖውን በደንብ ለመፍጨት በመኖው ውስጥ ከመቶ 7 ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ጭድ ከዚህ በታች ነው፥ ዘግይቶ የታጨደ ድርቆሽም እንዲሁ። ስለዚህ ዘግይቶ የታጨደ ድርቆሽ በስሙ ድርቆሽ፥ በግብሩ ጭድ ነው፤ ዋጋው ግን በስሙ ይጠራል። ገበያው ከሚሳሳትባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ወደ ዋጋው ስንመለስ፥ ከሁሉ የሚበልጠው ወቅት ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፥ ውቂያው ሳያልቅ፥ ጭድ ይረክሳል። ከግንቦት ጀምሮ ይወደዳል፤ በክረምት የአድአ ጭቃ መንገዱን ሲዘጋው ዋጋው ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ይህን የሚያውቅ ባለ ላም በበጋ ለገበሬው ቀብድ ሰጥቶ፥ ወይም ክምሩን እንዳለ በዐይኑ ገምቶ ይገዛል። ክምር በዐይን መገመት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ገማቹ ዙሪያውን ይዞራል፥ ቁመቱን ይመለከታል፥ የክምሩ ጫፍ ውሃ እንዳያስገባ ሆኖ መከደኑንም ይመረምራል። ገንዘብ የሌለው ግን በሐምሌ በየቀኑ ይገዛል፤ ለአንዲት ላም የሚያወጣው ወጪ፥ በበጋ ክምር ከገዛው ጎረቤቱ ይበልጣል። የመጋዘን ስፍራ ማጣት የዋጋ ጭማሪ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀት ነው። ጭድ ለመጠኑ ቀላል፥ ለክብደቱ ሰፊ ነው፤ የተጫነችውን አህያ ከሩቅ ያየ ሰው የሚያየው የሚራመድ ክምርና ከበታቹ አራት እግር ብቻ ነው። ጀርመናዊው የእርሻ ኢኮኖሚ ሊቅ ዮሐን ሃይንሪኽ ፎን ቲዩነን በ1826 በአውሮጳ አቆጣጠር ባሳተመው ስለ ተነጠለችው አገር በጻፈው መጽሐፉ፥ ዕቃው በከበደ ወይም በሰፋ ቍጥር ከከተማው ርቆ ሊመረት እንደማይችል አሳይቷል። በዚህ መንገድ ሲታይ ከተማ ውስጥ ለጭድ የሚከፈለው ዋጋ ግማሹ የጭድ፥ ግማሹ የመንገድ ነው። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ሲከፈት፥ አይሱዙ መኪና ሙሉ ጭድ ከአድአ ተነሥቶ በጧት አዲስ አበባ የሚደርስበት ሁኔታ ተመቻቸ። ከዚያ ወዲህ የቢሾፍቱ ገዢ የሚወዳደረው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከዋና ከተማው ባለ ላምም ጋር ነው።

ሦስተኛው፥ እኔም ከሁሉ የማተኵርበት፥ መስፈሪያው ነው። በቢሾፍቱ ጭድ በሸክም፥ በአህያ ጭነት፥ በጋሪ፥ በማዳበሪያ ከረጢት፥ በአይሱዙ ይሸጣል እንጂ በኪሎ አይሸጥም። የእነዚህ መስፈሪያዎች መጠን እንደ አሞላሉ ይለያያል። ለምሳሌ ያህል ተጠቅጥቆ የተሞላ አንድ ማዳበሪያ 12 ኪሎ ጭድ ይይዛል እንበል፤ ሳይጠቀጠቅ የተሞላው 9 ኪሎ ብቻ ቢይዝና ሁለቱም በአንድ ብር ዋጋ ቢሸጡ፥ ዋጋው ሳይጠራ በሢሶ ጨምሯል። ሻጩ ዋጋ ጨመርህ አይባልም። የተለመደውን ዋጋ ጠራ እንጂ ሌላ አላደረገም። ስለዚህ በክረምት የብሩ ቍጥር ሳይነቃነቅ ሊቆይ ይችላል፤ የሚነቃነቀው እጅ ነው። የገዢውም ክርክር «ቀንስ» ብቻ ሳይሆን «ጠቅጥቀው» የሚል የሆነው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ሚዛን ለምን አልገባም? መልሱን ለማግኘት የሌላ አገርን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በለንደን ሄይማርኬት የሚባለው ጐዳና ስሙን ያገኘው በስፍራው ከቆመው የድርቆሽ ገበያ ሲሆን፥ ገበያው በ1830 በአውሮጳ አቆጣጠር ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል። የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1796 ባወጣው ሕግ ድርቆሽና ጭድ በእስር ታስረው በቁርጥ ክብደት እንዲሸጡ አዘዘ። የአሮጌ ድርቆሽ እስር 56 ፓውንድ፥ ማለት 25 ኪሎ ተኩል ያህል፤ የአዲስ ድርቆሽ 60 ፓውንድ፥ ማለት 27 ኪሎ ያህል፤ የጭድ እስር ደግሞ 36 ፓውንድ፥ ማለት 16 ኪሎ ገደማ እንዲሆን ተወሰነ። ሠላሳ ስድስት እስር አንድ ጭነት ይባላል። አዲሱ ድርቆሽ ለምን እንዲከብድ ተደረገ? ገና ውሃው ስላልደረቀ ነው፤ ሕጉ ገዢው ለውሃ እንዳይከፍል አራት ፓውንድ ጨመረለት። ሕግ አውጪው ሚዛንን ሲያስገባ የሚዛንን ማታለያም አብሮ ማሰብ ግድ ሆነበት።

የቢሾፍቱ ገዢ ሕጉን ባያውቅም ነገሩን ያውቀዋል። በኪሎ የሚሸጥ ጭድ ውሃ ይረጭበታል፤ በስፋት የሚሸጥ ጭድ ይነፋል። የተነፋው ሲነካ ይታወቃል፥ በእጅ ተጭኖ ይፈተናል። የረጠበው ግን ገንዘብ ከማሳጣቱ በላይ ከሁለት ቀን በኋላ ይሻግትና ላሟን ያሳምማል። ከሁለቱ ክፋት ገበያው የመረጠው ቀላሉን ነው። በ1950ዎቹ የሜትር ሥርዐት በሕግ ከተደነገገ በኋላም እህሉ በኪሎና በኩንታል ሲሰፈር ጭዱ በሸክሙ የቀረው በኋላ ቀርነት ነው የሚለውን አስተያየት እኔ አልቀበለውም።

በደርግ ዘመን የሆነው ነገር ለዚህ ጥናት ልዩ ጥቅም አለው። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ፥ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬው ከእህሉ የተወሰነ ኮታ በተቈረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ አደረገ፤ ይህም አሠራር እስከ 1982 ዓ.ም. ቆየ። ኮታው በእህል ላይ ነበር፤ ጭድ አልገባበትም። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ከአንድ አውድማ ከሚወጡት ሁለት ነገሮች አንደኛው ዋጋው በመንግሥት የተቈረጠ፥ ሁለተኛው በገዢና በሻጭ ስምምነት የሚሸጥ ነበር። የዚያን ዘመን የአድአ ገበሬ ገቢ በእህል ዋጋ ብቻ የሚያሰላ ተመራማሪ፥ ነጻ የነበረውን የገቢውን ክፍል ከሒሳብ ውጪ ያደርጋል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ሦስተኛው ገዢ ገበያውን ያዘ። እርሱም የፈረንጅ ላም ናት። የአድአ የወተት ማኅበር በዚያው ዘመን ተቋቁሞ የከተማውን ባለ ላሞች ወተት መሰብሰብ ጀመረ፤ በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትና የምርምር ተቋማት መኖራቸውም እርባታውን ረድቷል። በአዳማና በሞጆ በኩል ደግሞ ከቦረና የሚመጡ ኮርማዎች ለውጭ ገበያ የሚደልቡባቸው ስፍራዎች ተበራከቱ። እነዚህ ገዢዎች ጭዱን ከፋጉሎና ከፉርሽካ ጋር ደባልቀው ይመግባሉ። (ፉርሽካ የሚለው ቃል ጣልያኖች እንክብሉን የሚጠሩበትን ክሩስካን ማስታወሱን በነገራችን ላይ ልጥቀስ።) ከባለ ጋሪው የሚለዩት በሁለት ነገር ነው፤ በብዛት ይገዛሉ፥ የላይኛውን ደረጃ ብቻ ይመርጣሉ። ላሟ በቀን የምትሰጠው ወተት ስለሚለካ፥ የጭዱም ጥራት በማግሥቱ በወተቱ ይታወቃል። ከዚያ በፊት የጭድ ደረጃ እንዲህ በቶሎ የሚፈተንበት መንገድ አልነበረም።

በዚያው ዘመን የቀድሞዎቹ ገዢዎች እየራቁ ሄዱ። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ የጋሪውን ሥራ በአብዛኛው ወሰደ፤ ብሎኬት ደግሞ የጭቃውን ግድግዳ ስፍራ ያዘ። ይህ ሁለተኛው ለውጥ ለጭድ ገበያ ከመጀመሪያው የበለጠ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ በላይ እንዳልነው የታችኛው ደረጃ ገዢ ግድግዳው ነበር። ዝናብ የመታው ክምር ቀድሞ በቅናሽ ለምርጊት ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ በከተማው ውስጥ ገዢው እያነሰ ነው። ስለዚህ በመልካሙና በመጥፎው ጭድ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ይሰፋል፤ ያለ ወቅቱ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚወርድ ዝናብም ገበሬውን ከቀድሞው ይልቅ ይጐዳዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ክምሩን በደንብ ለመክደን ጕልበትና ጊዜ ያጣው ድኻው ገበሬ መሆኑ ነው።

በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በቦረና ዝናብ በተከታታይ ጠፍቶ ከብቱ ባለቀ ጊዜ፥ ከሌላው አካባቢ ድርቆሽና ጭድ በመኪና ተጭኖ ተላከ። ያን ጊዜ የመስፈሪያው ጥያቄ የምሁራን ጨዋታ አለመሆኑ ታየ። ሳይታሰር በመኪና የተነፋ ጭድ ብዙ ነዳጅ ፈጅቶ የሚያደርሰው መኖ ጥቂት ነው፤ በመኪና ተጨምቆ የታሰረ ድርቆሽ በአንዱ ጭነት ብዙ ከብት ያድናል። በቢሾፍቱ ማዳበሪያ ላይ በሳንቲም የሚቈጠረው ልዩነት በዚያ መንገድ ላይ በሕይወት የሚቈጠር ሆነ።

በመጨረሻ ስለ ዘሩ። በቢሾፍቱ ያለው የእርሻ ምርምር ማእከል ለብዙ ዓመታት የጤፍ ዘርን ሲያሻሽል የኖረ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. ገደማ የወጣው ዲዜድ-01-196፥ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮም የዚያ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። የጤፍ ዋና ችግሩ መጋደም ነው፤ ቀጭኑ አገዳ ፍሬውን ተሸክሞ መቆም ያቅተዋል። አገዳውን ማሳጠር ለዚህ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አጭር አገዳ ማለት ጥቂት ጭድ ማለት ነው። የምርት ብልጫ የሚነገረው በሄክታር በተገኘው የፍሬ ኩንታል በመሆኑ፥ ይህ ኪሳራ በብዙ ሰንጠረዥ ውስጥ አይታይም። የአድአ ገበሬ ግን አዲስ ዘር ሲቀርብለት ስለ ፍሬው ንጣትና ስለ ምርቱ ከጠየቀ በኋላ፥ «ጭዱስ እንዴት ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ አይወስድም።